እንዶድ፣ ቀንድ አውጣና ዶክተር አክሊሉ ለማ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማዳበሪያና ስለ ገበያ ብዙ ተብሏል። ይህ ንግግር ስለ ሆድ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ስንት ጎልማሳ ወንጂ ወርዶ ሸንኮራ ሲቆርጥ እንደኖረ እዚህ የተቀመጡ አባቶች ያውቁታል። ብር ያመጣ አለ። ከመስኖው ቦይ ግን ቢልሃርዚያም ይገኝ ነበር፤ በሽታው በዚያ እርሻ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው።

ትሉ የሚኖረው በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ነው። እንቁላሉ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ከፊሉም ጉበት ላይ ይቀራል። ሰውየውን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ እያደር ሆዱ ይነፋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሰገራው ውኃ ከገባ እንቁላሉ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ መንገዱ ይቋረጣል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ይህንን መንገድ ሲያጠኑ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ነበሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። እንዶድን የማያውቅ ገበሬ እዚህ የለም። ሳሙናነቱን ሁሉም ያውቃል፤ ከታች ባለው ውኃ የሚሆነውን ግን ጎንበስ ብሎ ያየ ጥቂት ነው።

በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው ሙከራ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከተለያየ ቦታ የእንዶድ ዝርያ ሰብስበው «እንዶድ 44» የተባለውን መረጡ፤ ይህ የግብርና ሥራ በመሆኑ ለእናንተ ቅርብ ነው። ሁለቱም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እስከዚያ 25 ዓመት አልፏል! በመካከሉ እንዶድ መርዛማነቱ ገና አልተጣራም እየተባለ ቆይቷል። ማጣራቱ ተገቢ ነው፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላልና። ነገር ግን ውጤቱ ከአፍሪካ ላቦራቶሪ በመውጣቱ ብቻ የተጠራጠሩ እንደነበሩ አክሊሉ በግልጽ ተናግረዋል። ያረፉት በ1997 ነው።

ሆሳዕናና ዱራሜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናቸው፤ በጓሮ የሚያስቸግረው ይበልጡን ወስፋትና በባዶ እግር የሚገባው መንጠቆ ትል ነው። ለእነዚህ እንዶድ አይረዳም፤ መጸዳጃ ቤት፣ ጫማና ክኒን ነው የሚረዳው። ከቆላ የመስኖ እርሻ የተመለሰ ሰው ግን ሆዱን ካመመው ውኃ ውስጥ ሲሠራ መክረሙን ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ይንገር፣ ሰገራውንም ያስመርምር። የቢልሃርዚያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፤ በአፍ የሚዋጥ ክኒን ነው።