ቋሚውና ማገሩ፦ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ በምን ይለካል?

የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ የዕድር ዳኞችና የማኅበር አባላት፤

ይህን ጉዳይ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥተን እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንነጋገርበታለን። የአንድ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ሥራ ምን ያህል ነው፣ ተፅዕኖውስ እስከ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በር ተዘግቶ የማዕረግ እድገት ፋይል በሚታይበት ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ግን ጥያቄው አስቀድሞ የእናንተ ነው ባይ ነኝ። የሚጠናው የእናንተ ኑሮ፣ የእናንተ ገበያ፣ የእናንተ ሐዘን ነውና።

ከቅርባችን፣ ከአጠና ተራ ልጀምር። ጭቃ ቤት ሊሠራ የመጣ ሰው እንጨት ሲገዛ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ይሆናል። ማገሩን በቁጥር ይገዛል፤ ይህን ያህል ይበቃኛል ብሎ ያስጭናል። ቋሚ ላይ ሲደርስ ግን አኳኋኑ ይለወጣል። አንዱን አንስቶ ከሥሩ እስከ ጫፉ በዓይኑ ይከተለዋል፤ ውፍረቱን በእጁ ይጨብጣል፤ መሬት ላይ አንከባሎ ቀጥ ማለቱን ያያል፤ አልወደደውም እንደሆነ መልሶ ይጥለዋል። ቋሚም በመጨረሻ ይቆጠራል፣ ግን የሚቆጠረው ከተመረጠ በኋላ ነው። እኛ በምርምር ዓለም ያለን ሰዎች ቋሚውንም እንደ ማገሩ በቁጥር ብቻ መግዛት ከጀመርን ቆይተናል።

ተመራማሪ የሚመዘንበት ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ባጭሩ ልናገር። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1955 ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። አንድ ጽሑፍ ከእሱ በኋላ በወጡ ጽሑፎች ውስጥ የት የት እንደተጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ቢኖር፣ አንባቢ የሐሳብን ጉዞ መከተል ይችላል አለ። የፈለገው የአንባቢን ፍለጋ ማቅለል ነበር። ማውጫው በ1960ዎቹ ለተፈጥሮ ሳይንስ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተዘጋጀ። ዛሬ መምህራን እንቅልፍ የሚያጡበት ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም የአንድ መጽሔት ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥርም፣ በመጀመሪያ የተቀመረው የትኞቹ መጽሔቶች ማውጫው ውስጥ ይግቡ የሚለውን ለመምረጥ ነበር። መጽሔት መምረጫ የነበረው ቀስ በቀስ ሰው መመዘኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ስኮፐስና ጉግል ስኮላር የተባሉ ማውጫዎች መጡ። በዓመቱ ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን ነጥብ አወጣ።

የሂርሽ ስሌት ቀላል ነው። 10 ጽሑፎች ኖረውህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ ከተጠቀሱ፣ ነጥብህ 10 ነው። ሃያዎቹ ሃያ ሃያ ጊዜ ከተጠቀሱ 20 ነው። ብዛትንና ተጠቃሽነትን በአንድ አኃዝ ስላጣመረ ሁሉም ወደደው።

እስቲ በዚህ ሚዛን የራሳችንን ሰዎች እናስቀምጣቸው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዋናነት የሚታወቅባቸው ሥራዎች ሁለት ናቸው፦ ‹አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ› እና ‹መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር›። ሁለተኛው የታተመው ደራሲው ካረፈ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ለምን እየደኸየ እንደሚሄድ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ድካሙ ለምን ለሌላ እንደሚተርፍ ያስረዳበት መጽሐፍ ነው። የዛሬ ኢኮኖሚስቶች ሲያነቡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከላቲን አሜሪካ ከተነሱት ተመሳሳይ ሐሳቦች ጋር ያነጻጽሩታል። መቶ ዓመት ያለፈው ይህ ሥራ ዛሬም ያነጋግራል። በሂርሽ ሚዛን ግን የእነዚህ ሁለት ሥራዎች ባለቤት ሺህ ጊዜ ቢጠቀስም ነጥቡ ከ2 አይዘልም። ስሌቱ ራሱ አይፈቅድለትም።

ሌላ ልጨምር፤ ይህኛው የሚያከራክር መሆኑን አውቃለሁ። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የተባለ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኢትዮጵያ ስላለው የብሔረሰቦች ጥያቄ አንድ አጭር ጽሑፍ አቀረበ፤ በተማሪዎች ማኅበር ልሳን ላይም ታተመ። የአቻ ግምገማ የለውም፣ የማጣቀሻ ዝርዝር የለውም። በሐሳቡ የሚስማማም አምርሮ የሚቃወመውም ሰው በመካከላችን አለ። ነገር ግን ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት እስከ ዛሬው የቡና ቤት ክርክር ድረስ የዚያ ጽሑፍ ድምፅ የማይሰማበት ቦታ ጥቂት ነው። አንድ ጽሑፍ ነውና ነጥቡ ከ1 አይበልጥም። የአንድን አገር ፖለቲካ ያናወጠ ጽሑፍ 1 የሚያገኝበት ሚዛን የሚለካው ተፅዕኖን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነገር ደግሞ የቋንቋን ጣጣ ያሳየናል። የጂኦግራፊ አስተማሪው መስፍን እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን የኢትዮጵያ ረሃብ አጥንተው በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ ጥያቄውን ለወጠው። ከዚያ በፊት ረሃብ ሲነሳ ‹ዝናብ ጠፋ› ማለት ይበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ገበሬው ዝናብ በጠፋ ቁጥር የሚወድቀው አስቀድሞ ማን አጋልጦት ነው ብለው ጠየቁ። ደሳለኝ ራህማቶም የወሎውን አምባሰል አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ገበሬው እጁን አጣጥፎ የሚሞት እንዳልሆነ፣ በችግር ጊዜ የሚያልፍባቸው የራሱ ብልሃቶች እንዳሉት አሳየ። እነዚህ በእንግሊዝኛ ስለተጻፉ የውጭው ማውጫ በከፊልም ቢሆን ያውቃቸዋል። መስፍን በ2005 ዓ.ም. ያወጡት ‹መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ› ግን በአማርኛ ነው። ጋዜጣ ላይ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በታሪክ ምሁራንና በተራ አንባቢ መካከል ያስነሳው ክርክር ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ነው። ያ ሁሉ ክርክር በማውጫው ዓለም እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

የስማችንም ነገር አለ። ማውጫዎቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው፤ የመጨረሻውን ስም ይወስዳሉ። ለእኛ የመጨረሻው ስም የአባታችን ነው። አበበ ከበደ፣ አለሙ ከበደና አስቴር ከበደ ሦስት የማይተዋወቁ ተመራማሪዎች ቢሆኑ፣ ሦስቱም ‹ከበደ፣ ኤ.› ሆነው አንድ ሰው ይመስላሉ። በተቃራኒው አንዱ ወልደ ማርያም በላቲን ፊደል አንድ ቃል ሆኖ፣ ሁለት ቃል ሆኖ፣ በሰረዝ ተያይዞ ሲጻፍ ሦስት ሰው ይወጣዋል። አምስት ቅጽ ያለው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ማስቀመጡ ትልቅ አክብሮት ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን ያንን አልተማረም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ይህን ለማስተካከል ይረዳል፤ ወጣት ተመራማሪዎች ዛሬውኑ እንድትመዘገቡ እመክራለሁ። መለያው የሚጠቅመው ግን በሕይወት ላለው ተመራማሪ ነው፤ በሞት ያለፉትን ሥራቸውን የሚሰበስብላቸው የለም።

ቁጥርን ጠልቼ እንዳልመስልባችሁ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ቁጥር ጋሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት አነስተኛ የምሁራን ሰፈር ውስጥ፣ ዘመድ የሌለው ወጣት መምህር ‹ይህን ያህል አሳትሜአለሁ› ብሎ ፊት ለፊት ሊያስቀምጠው የሚችለው ማስረጃ ቁጥር ነው። ግምገማ ሁሉ በአስተያየት ይሁን ብንል፣ አስተያየቱን የሚሰጠው ማን ነው? ይህን ስጋት ለማቃለል አልሞክርም። ቁጥሩ ብቻውን ሲነግሥ የሚመጣውንም ግን እያየን ነው። አንድ ጥናት አራት ቦታ ተቆራርጦ ይታተማል። በዶላር ካልከፈልክ አላሳትምም የሚል፣ ከከፈልክ ግን ሳያነብ የሚያትም መጽሔት ገበያ ያገኛል። መምህሩ ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ተበድሮም ጭምር ይከፍላል። ጽሑፉን ከሦስት ሰው በላይ እንደማያነበው ያውቃል፤ ነጥቡን ግን ይፈልገዋል፤ ልጆች አሉት።

ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1968 ከማቴዎስ ወንጌል ስም ተውሶ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ግን ያው ያለው ይወሰድበታል። ታዋቂው ይጠቀሳል፣ በመጠቀሱ ይበልጥ ታዋቂ ይሆናል። ለእኔ ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን የዚያ ጽሑፍ የራሱ ታሪክ ነው። መርተን የተጠቀመበት ቃለ መጠይቅ በአብዛኛው የሃሪየት ዙከርማን ሥራ ነበር፤ ጽሑፉ በሁለታችንም ስም መውጣት ነበረበት ብሎ ቆይቶ ራሱ አምኗል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጣችሁ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ ፀሐይና ዝናብ ሳትሉ በር እያንኳኳችሁ መጠይቅ ያስሞላችሁ ልጆች፣ ስማችሁ ስንት ጊዜ በምስጋና መስመር ላይ ብቻ እንደቀረ፣ ወይም እዚያም እንዳልገባ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ቆሼ ልውሰዳችሁ። ከተማው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ቆሻሻውን የደፋበትን የረጲን ክምር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገና ጀማሪ ተመራማሪ ሳለሁ፣ ከክምሩ ላይ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ስለሚያድሩ ሰዎች ገቢ ለማጥናት መጠይቅ ይዤ ወጣሁ። ጠዋት ነበር። መኪና መጥቶ በገለበጠ ቁጥር ሰው ይሯሯጣል፣ አሞራው ግር ብሎ ይነሳል። አንዲት እናት በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጠው የሃይላንድ ኮዳ ይለያሉ፤ ነጩን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ። እጃቸው ሥራውን ሳያቋርጥ ጥያቄዬን አንድ በአንድ መለሱልኝ። በቀን ስንት ያገኛሉ፣ ስንት ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፣ ከየት መጡ። ስጨርስ ቀና ብለው አዩኝና፣ ‹‹ልጄ፣ አምናም እንዳንተ ያሉ ልጆች መጥተው እንዲሁ ጽፈው ሄደዋል። ያ የጻፉት ወረቀት የት ደረሰ?›› አሉኝ።

‹‹ለሚመለከተው አካል ይቀርባል›› አልኳቸው። እንደማይቀርብ እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ጥናቱ በእንግሊዝኛ ታተመ። ለማዕረግ እድገቴ ነጥብ ሆነኝ። ዛሬም አልፎ አልፎ ሲጠቀስ አያለሁ። እኒያ እናት ዘንድ ግን ተመልሼ አልሄድኩም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኔም መጠይቆቼን ካስቀመጥኩበት ካርቶን አውጥቼ አገላበጥኩ። መጠይቅ ኮድ እንጂ ስም አይይዝም፤ የተጠያቂን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል እንዲህ ነው የሚሠራው። ስለዚህ እኒያ እናት ከሟቾቹ መካከል ይኑሩ አይኑሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያች ማታ ጥናቴ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ቁጥሩን ከነገጹ እነግረው ነበር።

ይህን የምላችሁ ልባችሁን ለመንካት ብዬ አይደለም። የተመራማሪ ተፅዕኖ ከመጽሔት ወደ መጽሔት ብቻ ከተቆጠረ፣ የእኒያን እናት ጥያቄ የሚመዘግብ አንድም ሰንጠረዥ እንደሌለ ለማሳየት ነው። በሌላው ዓለም ይህን ማሰብ ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተረቀቀው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ ሰውን በመጽሔት ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ አለ። በ2015 ‹ኔቸር› ላይ የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ አሥር መርሆች አሉት፤ የመጀመሪያው ቁጥር የባለሙያን ፍርድ ያግዝ እንጂ አይተካው የሚል ሲሆን፣ ሦስተኛው ለየአካባቢው የሚጠቅም ምርምር በእንግሊዝኛ ባለመታተሙ ምክንያት ዝቅ እንዳይል ጥበቃ ይደረግለት ይላል። ብሪታንያ የዩኒቨርሲቲዎቿን ምርምር ስትመዝን በ2014 ከውጤቱ 20 በመቶ፣ በ2021 ደግሞ 25 በመቶ የሰጠችው ከግቢ ውጭ ለታየ ለውጥ ነው፤ እሱም የሚቀርበው በቁጥር ሳይሆን ምን እንደተለወጠና በማን ላይ እንደተለወጠ በሚተርክ ጽሑፍ ነው። የእነሱን ሥርዓት እንዳለ እንቅዳ አልልም፤ ብዙ ወረቀትና ብዙ ወጪ አለው። የማኒፌስቶውን ሦስተኛ መርህ ግን ለአማርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞ፣ ለትግርኛ፣ ለሶማሊኛና ለሌሎችም ቋንቋዎቻችን አጥብቀን ልንይዘው ይገባል።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የእድገት ፋይል ሲቀርብ ሦስቱን ሥራዎቹን ተመራማሪው ራሱ ይምረጥ፤ ገምጋሚዎቹም ርዕሱን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን ያንብቡ። በአገር ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ እንደታተመው ይመዘን። ጥናቱ የተካሄደበት ሰፈር ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ አግኝቷል ወይ የሚል አንድ መስመር በቅጹ ላይ ይግባ፤ የሚፈርመውም ዲን ሳይሆን የዕድር ዳኛ ወይም የማኅበር ሊቀ መንበር ይሁን። ዕድር የሞተውን ይመዘግባል፣ ያልከፈለውን ይመዘግባል፣ ድንኳን የተዋሰውን ይመዘግባል። ውጤቱን መልሶ ያመጣውን ተመራማሪ መመዝገብ አይከብደውም።

በመጨረሻ፣ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የታሰሩ ወረቀቶች አሉ። ያ የቆሼ ጥናቴ ነው፤ በአማርኛ ጻፍኩት፣ ስድስት ገጽ ወጣው። ብዙ ዓመት ዘግይቷል። አንዱ ቅጂ በዕድራችሁ መዝገብ ውስጥ እንዲቀመጥልኝ ለዳኛው አስረክቤአለሁ። አራተኛው ገጽ ላይ ያለው የኮዳና የብረታ ብረት ዋጋ የዚያን ጊዜ ነው። እዚያ የሠራችሁ ወይም ቤተሰባችሁ የሠራ ካላችሁ፣ እናንተ የምታውቁት ከእኔ ጋር ካልገጠመ በእስክሪብቶ አርሙት። ለዚያ ብዬ ኅዳጉን ሰፋ አድርጌዋለሁ።