ምስክሩ ምን አየ?
በበይነ መረብ ለሚሰጥ ሥልጠና የምስክር ወረቀት ስለ ማዘጋጀት

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በስልክና በኮምፒዩተር ለምንሰጠው ሥልጠና የማጠናቀቂያ የምስክር ወረቀት እንዴት እንደሚዘጋጅ እንዳስረዳ ታዝዣለሁ። ሥራውን በጀመርሁበት ሰሞን ጉዳዩ የጌጥ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ዳር ዳሩን የሚዞረው ሐረግ ምን ዓይነት ይሁን፣ አርማው በቀኝ ይሁን ወይስ በግራ እያልሁ ብዙ ቀን አባክኛለሁ። ከዚህ ሐሳብ ያወጡኝ ሁለት ስሕተቶች ናቸው። ሁለቱም የእኛ የአዘጋጆቹ ስሕተቶች ስለሆኑ ሳልሸሽግ እናገራቸዋለሁ።

ስለ ሰበካ ጉባኤ የሒሳብ አያያዝ የሚያስተምር አንድ ኮርስ በሙድል ላይ አዘጋጅተን ነበር። ሙድል እ.ኤ.አ. በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ፣ ማንኛውም ተቋም የፈቃድ ክፍያ ሳይከፍል ሊገለገልበት የሚችል የመማሪያ ሥርዓት ነው። ትምህርቱ የካርኒ አቆራረጥን፣ የሙዳየ ምጽዋት አከፋፈትንና አቆጣጠርን፣ የገቢና የወጪ መዝገብን፣ መዝገቡን ከባንክ ሒሳብ ጋር ማመሳከርን ያጠቃልላል። የምስክር ወረቀቱ ለማን እንደሚሰጥ ስንወስን ግን «ገጾቹን ሁሉ የከፈተ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ መረጥን። ቀላል ነበርና።

ሥርዓቱም የታዘዘውን ፈጸመ። አንድ ወንድም አንድ ምሽት ተቀምጦ ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈተ አለፈ፤ ከመኝታው በፊት የምስክር ወረቀቱን አወረደ። ወረቀቱ «ሥልጠናውን በብቃት አጠናቀዋል» ይል ነበር። ደብሩም ወረቀቱን አምኖ ገንዘብ ያዥ አደረገው። ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ የካርኒው ቀሪና መዝገቡ አልተስማሙም። ገንዘብ አልጠፋም፤ ወንድማችንም ሌባ አልነበረም፤ ገቢውን የት እንደሚጽፍ አያውቅም ነበር እንጂ። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ግን ሐሜት ተነሣ፤ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ከአገልግሎት ራቀ። ያሳፈረው የእኛ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። በአንድ የገጠር ደብር የምታገለግል እኅት ያንኑ ኮርስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተምራለች። የራሷ ስልክ ስላልነበራት በወንድሟ ስልክ ትማር ነበር። እኛ ሰልጣኞችን የመዘገብነው በስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የወንድሟ፣ ስሙም የወንድሟ ሆነ። ሌሊት ሌሊት፣ የቤት ሥራዋን ጨርሳ፣ መብራት ባለበት ሰዓት የተማረችው እርሷ ስትሆን የምስክር ወረቀቱ የወጣው አንዲት ገጽ እንኳ ባላነበበው ወንድሟ ስም ነው። ሰበካ ጉባኤው የሒሳብ ሠራተኛ ሲመርጥ ማስረጃ አቅርቢ ተባለች፤ የምታቀርበው አልነበራትም። ስሟን አስተካክለን ሌላ ወረቀት እስክንልክላት ድረስ ቦታው በሌላ ሰው ተያዘ።

እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከት አንዱ ላልተማረ መስክሯል፤ ሌላው ለተማረች መመስከር ሲገባው ዝም ብሏል። ያን ጊዜ ስሙን አስተዋልሁት። «የምስክር ወረቀት» እንላለን፤ የጌጥ ወረቀት አንልም። ምስክር ያየውን የሚናገር ነው።

በዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለችም። አባቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የማስመስከሪያ ሥርዓት አላቸው። ድጓ የተማረ በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ በዙር አምባ፣ ቅዳሴ የተማረ በደብረ ዓባይ ወይም በሰለልኩላ ያስመሰክራል። ደቀ መዝሙሩ ሌላ ቦታ ለዓመታት ቢማርም፣ ምስክር ቤቱ ደግሞ በራሱ ጆሮ ሰምቶ፣ አርሞና አስተካክሎ ነው የሚመሰክርለት። መምህሩ «ድጓ ያውቃል» ሲል ዜማውን ሰምቶታል ማለት ነው። በምስክር ቤቱ ቆይቷልና ብቻ የሚመሰክርለት የለም። እኛ በኮምፒዩተር ያደረግነው ግን በደጅ ያለፈውን ሁሉ «ተምሯል» ማለት ነበር።

ስለዚህ ንድፉን ወደ ጎን ትተን ከቅድመ ሁኔታው ጀመርን። በሙድል ላይ የምስክር ወረቀቱ የሚከፈትበትን ሁኔታ አዘጋጁ ራሱ ይወስናል። ገጽ መክፈት ብቻ እንዲበቃ ማድረግ ይቻላል፤ በፈተና የተወሰነ ውጤት ማግኘትን ወይም መምህር አይቶ የሚያርመውን ሥራ ማስረከብን መጠየቅም ይቻላል። በኮርሱ ውስጥ ቢያንስ ይህን ያህል ደቂቃ መቆየት የሚል ገደብም አለ። እኔ በዚህ በመጨረሻው ብዙ አልተማመንም፤ ስልኩን ከፍቶ ቡና የሚጠጣውን ከሚያነበው አይለይምና። አሁን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ፈተናውን ማለፍና የአንድ ወር የልምምድ ሒሳብ ሠርቶ ማስረከብ። የልምምዱን ሒሳብ ሰው አይቶ ያርመዋል። ሥራው ለእኛ ከበደ፤ ወረቀቱን የሚያገኘውም ሰው አነሰ። ቁጥሩ በሪፖርት ላይ ሲቀንስ ያዘኑ ነበሩ፤ እኔ አላዘንሁም።

ቀጥሎ ቃሉ ነው። «ተሳትፈዋል»፣ «አጠናቀዋል»፣ «ፈተናውን አልፈዋል» ሦስት ልዩ ልዩ ምስክርነቶች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ውሸት ነው። ስብሰባ ላይ ለተገኘ ሰው «ተሳትፈዋል» የሚል ወረቀት መስጠት ነውር የለበትም። ነውሩ «በብቃት» የምትለውን ቃል ለውበት መጨመር ነው። ከዚሁ ጋር ወረቀቱ ስንት ሰዓት የፈጀ ሥልጠና እንደሆነና ምን ምን እንደያዘ በአጭሩ ይናገር፤ ያለዚያ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ዲፕሎማ መስሎ ይታያል። ደግነቱ አማርኛችን የአክብሮት አነጋገር ስላለው «አጠናቀዋል» ብሎ አንዱ ንድፍ ለአባት ካህንም፣ ለወጣትም፣ ለእኅትም ያገለግላል።

ስለ ስም ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ሥርዓቱ የተሠራው የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም እንጂ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሣጥን የራስን ስም፣ በሁለተኛው የአባትንና የአያትን ስም አብረን እናስገባለን። ቀሲስ፣ መሪጌታ፣ ዲያቆን የሚለው ማዕረግ ከስሙ ጋር ተደርቦ ሲጻፍ ዝርዝሩ ሁሉ ይበላሻል፤ ለማዕረግ የተለየ ሣጥን ከፍተን ከዚያ ወደ ወረቀቱ እንዲመጣ አድርገናል። ፊደሉም ሰውየው በመታወቂያው ላይ እንደሚጽፈው ይሁን። ኃይሌን በሃሌታው ሀ፣ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ጽፈን የላክንባቸው ቀናት ነበሩ፤ እነዚህ ለእኛ የፊደል ስሕተት ቢመስሉ ወረቀቱን በቀበሌ ለሚያቀርበው ሰው ራስ ምታት ናቸው።

ከእኅታችን ታሪክ በኋላ በስልክ ቁጥር መመዝገብ ቀርቷል። ሰበካ ጉባኤው የስም ዝርዝር ይልክልናል፤ እኛ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል እንሰጣለን። በአንድ ስልክ ሦስት ሰዎች ቢማሩ ሦስቱም በየስማቸው ይገባሉ።

ወረቀቱን ለመሥራት ሙድል ላይ «ከስተም ሰርተፍኬት» የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ እንጠቀማለን። ገጹ በአግድም የተቀመጠ ኤ ፎር ከሆነ 297 በ210 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሙ፣ ቀኑ፣ የኮርሱ ርእስ እያንዳንዳቸው ከግራና ከላይ በሚሊ ሜትር ተለክተው ይቀመጣሉ። የተመረጠው ፎንት የግእዝ ፊደል ከሌለው በስሙ ቦታ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ፤ ስለዚህ አስቀድሞ በአማርኛ መሞከር ግድ ነው። ስትሞክሩም «አበበ» ብላችሁ አትሞክሩ። «መልአከ ሰላም ቀሲስ ገብረ እግዚአብሔር ወልደ ሚካኤል» ብላችሁ ሞክሩ፤ እርሱ ከሐረጉ ካልወጣ ሌላውም አይወጣም።

ቀኑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሥርዓቱ በተለመደው አሠራሩ የሚያትመው የአውሮፓውያኑን ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 በእኛ ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ወረቀቶቻችን ላይ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት አልነበረምና አንድ አባት ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ ወረቀቱ ገና ስምንት ዓመት እንደሚቀረው ነግረውኛል። አሁን ከቀኑ ጎን ምልክቱን እናደርጋለን፤ ዙሩንም በእኛ ዓመተ ምሕረት እንጽፋለን። ከሚመረጡት የቀን ዓይነቶች መካከል «የዛሬ ቀን» የሚለውን ተጠንቀቁ፤ ወረቀቱ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ይለወጣል። የተሰጠበት ወይም የተጠናቀቀበት ቀን የሚለው ይመረጥ።

ይህ የሚመጣው ወረቀቱ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ስለማይጠብቅ ነው፤ በተጠራ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራል። ስም ለማረም ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሥራ አስኪያጅ ተለውጦ በንድፉ ላይ የፈራሚውን ስም ብትለውጡ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቀው ሰው ወረቀቱን ዳግመኛ ሲያወርድ ያን ጊዜ ያልነበረ ሰው ፈርሞለት ያገኘዋል። ለእያንዳንዱ ዙር ንድፉን ገልብጣችሁ ተጠቀሙ፤ የቀድሞውን አትንኩት።

በማኅተም ነገር ከብዙዎቻችሁ ጋር ላልስማማ እችላለሁ። ማኅተም የሌለው ወረቀት በአገራችን ወረቀት እንደማይባል አውቃለሁ። ይሁንና ማኅተሙንና ፊርማውን በስካነር አንሥቶ በንድፉ ላይ መለጠፍ ማኅተሙን በአደባባይ ማስቀመጥ ነው፤ ከፒዲኤፉ ላይ ቆርጦ በሌላ ደብዳቤ ላይ መለጠፍ ለአንድ ወጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። እኛ በምትኩ ለእያንዳንዱ ወረቀት የሚሰጠውን የማረጋገጫ ኮድና ኪው አር ኮድ እናሳትማለን። ኮዱን በማረጋገጫው ገጽ ያስገባ ሁሉ ወረቀቱ የማን እንደሆነ ያያል። ኔትወርክ በሌለበት ይህ አይረዳም፤ ስለዚህ የኮዶቹንና የስሞቹን መዝገብ በየዙሩ አትመን ለየሀገረ ስብከቱ እንልካለን። እርጥብ ማኅተም የሚፈልግ ወረቀቱን አሳትሞ ወደ ወረዳው ቤተ ክህነት ይወስዳል፤ በዚያ ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሮ ይታተምበታል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥዕለ አድኅኖን የወረቀቱ ዳራ አታድርጉ። ከእያንዳንዱ ጥሩ ወረቀት በፊት አምስት የተበላሹ ይታተማሉ፤ የተበላሹትም የሚሄዱት ወደ ቅርጫት ነው።

እኅታችን አሁን በስሟ የወጣው ወረቀት በእጇ አለ፤ በሚቀጥለው ዙርም ሌሎችን እንድታግዝ ጠይቀናታል። ለዚህ ዙር ከየሰበካ ጉባኤው የምንጠብቀው የሰልጣኞች ዝርዝር የራስ፣ የአባትና የአያት ስም፣ ማዕረግ ካለም ማዕረግ፣ በመታወቂያው ፊደል የተጻፈ ይሁን፤ ሰልጣኙ ራሱ አንብቦ ከፈረመበት በኋላ ይላክልን። ስልክ የሌላቸውም በዝርዝሩ ይግቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።