ጨው የሌለው ለውዝ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ጉለሌ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ስለ ምርት ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል ከእኔ በፊት ብዙ ተብሏል። ከእኔ የተጠየቀው ስለ ጤና ስለሆነ ከሱቃችን መደርደሪያ ላይ አንድ ነገር አንሥቼ እናገራለሁ፤ ለውዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱ ተነግሮኝ ቤት ውስጥ የወጥ ጨው አስቀነስኩ። ቤተሰቤ «ወጡ አልጣፈጠም» እያለ ታገሠኝ። እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ ጨው የተነሰነሰበት ለውዝ እቆረጥም ነበር። ከድስቱ ያስወጣሁትን ጨው በኪሴ ይዤ እዞር ነበር ማለት ነው።

እዚሁ ጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች ውስጥ ከ100ው 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል። አንድ ሰው በቀን የሚወስደው ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም።

የእኛ ጨው በብዛት የሚመጣው ከራሳችን ድስት ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ደግሞ ይደገማል። ወጥ ያለ ጨው ብሉ ብል ማንም አይሰማኝም፤ እኔም አልበላም። ለውዝ ግን ቅባት ስላለው በደንብ ከተቆላ ያለ ጨው ይጣፍጣል። ጨው መቀነስ የፈለገ ሰው ብዙ ሳይቸገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ100 ግራም ለውዝ ውስጥ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ፤ ቅባቱም አብዛኛው ለልብ የሚስማማ ነው። ሥጋና ወተት በሌለበት በጾም ወራት ጥቅሙ ይጎላል። ኃይል ሰጪነቱ ከፍተኛ ስለሆነ በቀን አንድ ጭብጥ ይበቃል። ለሕፃናት ፍሬው ሊያንቃቸው ስለሚችል ተፈጭቶ ይሰጥ።

«ጨው ከቀነስን አዮዲኑስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ እንቅርት ባለበት አገር ተገቢ ጥያቄ ነው። የምግብ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። ወጣችን ውስጥ የሚገባው ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ለዚህ ብሎ ለውዝ ላይ ጨው መነስነስ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ገበሬው ልምጣ። ባቢሌና ጉርሱም ለውዝ አምራቹ የሚያውቀው ነገር አለ፦ በደንብ የደረቀ ለውዝ ከነቅርፊቱ ሲወዛወዝ ይንኳኳል። እርጥበቱ ሳይወጣ የተከማቸ ግን ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። መርዙን ቀምሶ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ማድረቅና የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን ለቅሞ መጣል ግዴታ ነው። የከረመ ለውዝ ቅባቱ ሲበላሽ የሚመጣው መጥፎ ጣዕም ግን በምላስ ይታወቃል፤ ጨው ሲበዛበት ይህ ጣዕም ይሸፈናል። ጨው የሌለው ለውዝ ሻጩን ያጋልጣል። እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ጉዳት አላየውም፤ ጥሩ ምርት ያለው ዩኒየን የሚፈራው ነገር የለም።

የሱቅ ሠራተኞቻችን «ጨው ያለው ቶሎ ይሸጣል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ምክንያቱም ሌላውን አላቀረብንም። የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ጉለሌ ባለው ሱቃችን ሁለቱም ጎን ለጎን ይደርደሩ፤ ዋጋቸው እኩል ይሁን፤ በፓኬቱ ላይ «ጨው የሌለው» የሚለው በትልቁ ይጻፍ። ለሦስት ወር የተሸጠው ይመዝገብና ቁጥሩ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ።