የተለበጠ ኤሌክትሮድ ኀይሉ ስለሚታደስበት መንገድ

(በቡቲዬ፥ ሞያሌ፥ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር ከፋብሪካ የመጣ ቢሆንም ከውኃ እንስራችን እምብዛም የራቀ አይደለም። ይኸውም ጨው በኤሌክትሪክ ኀይል ሲለያይ የሚያገለግለው የተለበጠ ብረት፥ ማለት ኤሌክትሮድ፥ ስለ ምን እንደሚደክምና በምን ዘዴ ወደ ቀድሞ ኀይሉ እንደሚመለስ ነው።

በጨው ውኃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ በአኖድ በኩል ክሎሪን፥ በካቶድ በኩል ሃይድሮጅንና ኮስቲክ ሶዳ ይገኛሉ። ፋራዴይ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሕግ መሠረት አንድ አምፔር ጅረት በአንድ ሰዓት ቢበዛ 1.32 ግራም ክሎሪን ይሰጣል። ክሎሪኑና ሶዳው ሲቀላቀሉ ሁላችን የምናውቀው በረኪና ይሆናል። በዚሁ መንገድ ከጨው የክሎሪን ውኃ የሚያዘጋጁ ትናንሽ መሣሪያዎች በልዩ ልዩ አገሮች በጤና ጣቢያዎች ያገለግላሉ።

ቀድሞ በፋብሪካ አኖድ የሚሆነው ግራፋይት ነበር። ግራፋይት ግን በሥራ ላይ ሳለ እየተበላ ስለሚያልቅ፥ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ በከንቱ የሚጠፋው ኀይል ይበዛ ነበር። ሄንሪ ቢር የተባለ የሆላንድ ሰው በ1965 (እ.ኤ.አ.) ታይታንየምን በሩቴንየም ኦክሳይድ የመለበጥን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ፤ የኢጣልያው ዴ ኖራ ኩባንያም ለኢንዱስትሪ አበቃው። ልባጡ ውፍረቱ በሺሕኛ ሚሊሜትር የሚቈጠር ቢሆንም ሥራውን የሚሠራው እርሱ ነው፤ ታይታንየሙ ተሸካሚው ነው።

ድካሙ ከየት ይመጣል? አንደኛ፥ ካልተጣራ ጨውና ከከባድ ውኃ የሚመጡት ካልሲየምና ማግኒዥየም በማንቈርቈሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ድንጋይ በኤሌክትሮዱ ላይ ይጋገራሉ። ከእኛ በስተሰሜን በቦረና ምድር በኤል ሶድ ጠላቂዎች ከሐይቁ ሥር የሚያወጡት ጥቍር ጭቃማ ጨው ሳይጣራ በመሣሪያ ውስጥ የማይገባው ስለዚህ ነው። ሁለተኛ፥ ልባጡ ራሱ ቀስ በቀስ እየሟሟ ያልቃል፤ ይህም የጨው ውኃው ሲሳሳና ኦክሲጅን ሲበዛ ይፋጠናል። ሦስተኛ፥ በልባጡና በታይታንየሙ መካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ኦክሳይድ ይፈጠራል። ምልክታቸው አንድ ነው፤ ለዚያው ጅረት የሚያስፈልገው ቮልት ከፍ ይላል።

መድኀኒቱ ግን እንደ ደዌው ይለያያል። የተጋገረው ድንጋይ በቀጭን አሲድ ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ሲለቀለቅ ይወገዳል። በብረት መፋቅ ልባጡን ያጠፋል። አሲዱም ከበረኪና ጋር ቢገናኝ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ፥ መሣሪያው አስቀድሞ ባዶ ሆኖ ይታጠብ፤ ሥራውም ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይሁን። ልባጡ ያለቀ እንደ ሆነ ግን እጥበት አይረዳም። ሳሕኑ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ አሮጌው ልባጥ ይነሣል፤ ታይታንየሙ በትኵስ አሲድ ይሻከራል፤ የሩቴንየምና የታይታንየም ጨው የሟሙበት ፈሳሽ ይቀባል፤ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ይተኰሳል፤ ይህም ደጋግሞ ይደረጋል። ውዱ ታይታንየም ግን አይጣልም።

እናቶቻችን ምጣዱ እንጀራ ቢይዝባቸው በጐመን ዘር ያስሱታል እንጂ አይሰብሩትም። እኛ ግን የደከመውን መሣሪያ ሳንመረምር «ሞቷል» ብለን ወደ መጋዘን ብንወረውር፥ የሚቀረው ብረት ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2022 (እ.ኤ.አ.) በባሌ ሐረና ቡሉቅ የታየው ኮሌራ ወደ ሌሎች ወረዳዎች እንደ ተዛመተ እናስታውሳለን። ውኃ በሚያጥርበት እንደኛ ባለ ደረቅ አገር ክሎሪን የታጣበት ቀን የሕፃናት ሕይወት የሚፈተንበት ቀን ነው።

ስለዚህ ክቡራን ሹማምንት በየማሠልጠኛው አንድ የቮልትና አንድ የአምፔር መለኪያ እንዲገኝ እንዲፈቅዱልን፥ ባልደረቦቼም ደቀ መዛሙርታችሁን ቮልቱን በየሳምንቱ በመዝገብ እንዲጽፉ እንድታስለምዱ እለምናለሁ። ያ መዝገብ ያለው ተማሪ፥ ቮልቱ ከፍ ባለ ጊዜ ከመጣሉ በፊት ያጥባል፤ ታጥቦም ካልወረደ ወደ ለባጩ ይልካል።