አደራ ጥብቅ፣ ደመና ሩቅ!

(ከዚህ በታች የምታነቡት ጸሐፊው በቅርቡ በአንድ የፎቶግራፍ አንሺዎችና የፎቶ ቤት ባለቤቶች የውይይት መድረክ ላይ ያደረገው ንግግር ነው። ሐሳቡ ሳይነካ ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥረነዋል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። – ዝግጅት ክፍሉ)



ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። የኮምፒዩተር ሊቅም አይደለሁም። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ጋዜጣ ላይ እየጻፍኩ የማድር፣ ቋሚ ደመወዝ የሌለኝ ጋዜጠኛ ነኝ። «ታዲያ ለኛ ስለ ፎቶ ልትነግረን የመጣኸው ምን ቆርጦህ ነው?» ብትሉኝ አይፈረድባችሁም። የመጣሁት እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ተጎጂ ነው።

4 ሺህ ያህል ፎቶ ነበረኝ። ዛሬ አንዱም በእጄ የለም። አልተቃጠለም፣ ጎርፍ አልወሰደውም፣ አይጥም አልበላውም። እንዲያውም አለ! የት እንዳለም አውቃለሁ። ላየው ግን አልችልም። ነገሩ እንዲህ ነው...

የብስኩቱ ቆርቆሮ

እናቴ አልጋዋ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አላት። ብስኩቱን ማን እንደበላው የሚያስታውስ የለም። ቆርቆሮው ውስጥ 41 ፎቶዎች አሉ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከሁሉ የምሳሳለት አባቴ በ1965 ዓ.ም. ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳው ነው። ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ከጓደኛው የተዋሰውን ኮት ለብሶ (እጅጌው ያጥረዋል)፣ ዓለምን የገዛ መስሎ ቆሟል። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለማይረሳ ማስታወሻ» ብሎ ቀኑን ጽፎበታል።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ሆነ? ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ሌላው መጣ። አባቴም አረፈ። ያ ፎቶ ቤት የነበረበት ሰፈር እንኳ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ፎቶው ግን አለ። ቆርቆሮውን ስከፍተው «ማን ነህ? ኮድ አስገባ!» ብሎኝ አያውቅም።

ፎቶ ማንሳት በኛ አገር አድራሻ ያለው ሙያ ነበር። ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ማን እንደሆኑ ከተማው ያውቅ ነበር። ፎቶህ ቢበላሽ ሄደህ ባለቤቱን ታገኘዋለህ። ትጣላለህ፣ ትታረቃለህ፣ ድጋሚ ያጥብልሃል። ቢያንስ የምትጣላው ሰው አለ።

ስልኬና ልጄ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ1997 ፊሊፕ ካን የተባለ ካሊፎርኒያ የሚኖር ባለሙያ ልጁ በተወለደችበት ዕለት ዲጂታል ካሜራና የእጅ ስልክ አገናኝቶ የሕፃኗን ፎቶ ለወዳጆቹ ላከ። በስልክ ፎቶ የመላኩ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ አባት ነው ይባላል። የኔም ታሪክ የሚጀምረው ከልጅ ነው።

ልጄ በ2011 ዓ.ም. ስትወለድ የነበረኝ ስልክ ርካሽ ቢሆንም ካሜራ ነበረው። ስታዛጋ አነሳኋት። ስታለቅስ አነሳኋት። የመጀመሪያ ጥርሷን፣ የመጀመሪያ እርምጃዋን፣ እናቴ ጭን ላይ ተኝታ... ሁሉንም አነሳሁ። እኛ ልጆች ሳለን ፊልም 36 ፍሬ ነበር፤ ለጥምቀት ተገዝቶ እስከ ፋሲካ ይቆያል። አሁን ማን ይቆጥራል?

ታዲያ ስልኩ ሞላ። ሲሞላ አንድ መልእክት መጣ፦ «ፎቶዎችዎን እኛ ዘንድ ያኑሩ። ከስልክዎ ላይ ያጥፏቸው። ቦታ ያገኛሉ።» በነፃ! ነፃ ነገር ማን ይጠላል? «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። ውሉ ስንት ገጽ እንደሆነ አላነበብኩም። እስቲ ከናንተ መካከል ያነበበ እጁን ያውጣ! ... ይኸው፣ አንድም እጅ የለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኬን መንትፈውኝ ሄዱ። ለስልኩ አዘንኩ፣ ለፎቶው ግን አልደነገጥኩም። «ደመናው ላይ አለ» አልኩ በኩራት። ሌላ ስልክ ተበድሬ ገዛሁ፣ የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ልክ ነው። ኩባንያው ግን «ይህን ስልክ አናውቀውም፤ ባስመዘገቡት ቁጥር ኮድ ልከናል» አለኝ። ያስመዘገብኩት ቁጥር ደግሞ ከተውኩት ዓመታት ያለፉት፣ ለሌላ ሰው የተሰጠ ቁጥር ነው።

ደወልኩ። ከወደ ሸዋ ሮቢት አንዲት እናት አነሱ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ስልክዎ ላይ መልእክት ገብቷል። ቁጥሩን ያነቡልኛል?»

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ደውል።»

ማታ ደወልኩ፣ አዲስ ኮድ አስላኩ። ልጁ አነሳና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ኮድ ለማንም እንዳትሰጡ ተብለናል። ሌባ ነው የሚጠይቀው!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ልጁ ልክ ነው! እኔም የገዛ እናቴን ያስተማርኳት ይህንኑ ነው። የልጄ ሦስት ዓመት ግን የማላውቃቸው እማማ ስልክ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

ለኩባንያው ጻፍኩ። ማሽን መለሰልኝ። እንደገና ጻፍኩ። ያው ማሽን ያንኑ ቃል ደገመልኝ፦ «ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም።» ቀበሌን ስናማ ኖረናል፤ ይሁን እንጂ ቀበሌ ብትሄድ ቢያንስ ዓይንህን እያየ «ነገ ተመለስ» የሚልህ ሰው አለ። እዚህ «ነገ ና» የሚል እንኳ የለም!

ነፃ የተባለው እስከ መቼ?

የኔን ኩባንያ ስም አልጠራም። ጉዳዩ የአንድ ኩባንያ አይደለምና። ይልቅ በአደባባይ የታወቀውን እንይ።

ጎግል በሜይ 2015 የፎቶ ማከማቻውን ሲከፍት «የፈለጋችሁትን ያህል በነፃ» አለ፤ የፎቶውን ጥራት ትንሽ ቀነስ አድርጎ ማለት ነው። ዓለም ግልብጥ ብሎ ገባ። በኖቬምበር 2020 ኩባንያው ራሱ ከ4 ትሪሊዮን በላይ ፎቶ መከማቸቱንና በየሳምንቱ 28 ቢሊዮን አዲስ ፎቶና ቪዲዮ እንደሚገባ ተናገረ። በዚያው ቀን ነፃው ሊያበቃ መሆኑንም አረዳን። ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ አዲስ የሚገባው ሁሉ ከ15 ጊጋባይት ይታሰባል ተባለ፤ ያውም ከኢሜይሉ ጋር ተዳምሮ። አንድ የስልክ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን 5 ሺህ ፎቶ ያህል መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ክፈል!

ፍሊከርም እንዲሁ ነው። በ2013 ለእያንዳንዱ ሰው 1 ቴራባይት በነፃ ሰጠ። በ2018 ባለቤቱ ተቀየረ። አዲሱ ባለቤት «ለማይከፍል 1 ሺህ ፎቶ ብቻ፣ ትርፉ ይሰረዛል» አለ። ማይስፔስ ደግሞ አንድ ጊዜ የዓለም መነጋገሪያ ነበር። በ2019 ዕቃ ሲያዛውር እንደሰበረ ሰው ሆኖ፣ ሰርቨር ሲቀይር ከ2016 በፊት የተጫነ ፎቶ፣ ቪዲዮና ሙዚቃ መጥፋቱን ተናገረ። በቃ፣ ይቅርታ ተብሎ ታለፈ።

እዚህ ላይ ኮዳክን አስቡት። ቢጫዋን የፊልም ካርቶን የማያስታውስ እዚህ አለ? ዲጂታል ካሜራን በ1975 የሠራው የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነው። 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ አንድ ምስል ቴፕ ክር ላይ ለማስቀመጥ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ኮዳክ የገዛ ልጁ አሸንፎት በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በዚያው ዓመት በአፕሪል ፌስቡክ 13 ሠራተኞች ብቻ የነበሩትን ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። ዓለም እንዲህ ናት።

ልብ በሉ ግን! ኮዳክ ሲከስር በኮዳክ ፊልም የተነሳ አንድም ፎቶ ከማንም አልበም ውስጥ አልጠፋም። ፎቶህ ደመና ላይ ከሆነስ? ኩባንያው ሲያስነጥሰው አንተ ትታመማለህ።

«ባለቤቱ አንተ ነህ፣ ግን...»

ውሉን በኋላ አነበብኩት። ጅብ ከሄደ መሆኑ ነው። ኩባንያዎቹ «የፎቶው ባለቤት አንተ ነህ» ይላሉ። ቀጥለው ግን፣ እንደ ኢንስታግራም ያሉት፣ በፎቶህ ያለ ክፍያ፣ በመላው ዓለም፣ ለሌላም አሳልፈው መስጠት እስኪችሉ ድረስ የመጠቀም ፈቃድ ያስፈርሙሃል። በሴፕቴምበር 2024 የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ፣ በአውስትራሊያ ምክር ቤት አጣሪዎች ፊት ሲጠየቅ፣ አዋቂ ሰዎች ከ2007 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት አድርገው የለጠፉትን ጽሑፍና ፎቶ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ለማሠልጠን መጠቀሙን አምኗል። በ2007 የሠርጉን ፎቶ የለጠፈ ሙሽራ ይህን አስቦ ነበር?

ሌላም አለ። ጎግል ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ 2 ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ከነፎቶው ሊሰረዝ እንደሚችል ደንግጓል። ሁለት ዓመት! ለዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ ሁለት ዓመት ማለት አንድ ኮንትራት ነው። አሠሪዋ ስልኳን ቀምታ ያስቀመጠችባት እህታችን ተመልሳ ስትመጣ፣ ትታው የሄደችው ሕፃን ፎቶ ላይጠብቃት ይችላል።

ኢንተርኔት ሲቆረጥስ? በጁን 2020 መጨረሻ ሀጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የትግራይ፣ በኦገስት 2023 የአማራ ክልል ሕዝብ መስመር ተቆርጦበት ረጅም ጊዜ ቆይቷል። በዚያ ክፉ ቀን ወንድሙን የቀበረ ሰው፣ የሟቹን ፎቶ አውጥቶ ልቅሶ ላይ ለመያዝ የባለሥልጣን ፈቃድና የባሕር ማዶ ኩባንያ ደግነት ያስፈልገው ነበር። የብስኩት ቆርቆሮ ግን ማንም አይዘጋውም!

ምን ይደረግ?

ስልክ ይቅር፣ ወደ ፊልም እንመለስ አላልኩም። ፎቶ ድሮ የባለ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሊስትሮውም፣ ጉሊት ያለችውም እናት ልጇን ታነሳለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የምለው ማንሳትና ማኖር ለየቅል ናቸው ነው። ማንሳቱን ስልኩ ቀላል አደረገልን፤ ማኖሩን ግን ለማናውቀው ሰው ሰጥተን እንቅልፋችንን ተኛን።

እስቲ ቀላል ቀላሉን እንያዝ። አንደኛ፣ ስልክ ቁጥር ስትቀይሩ መጀመሪያ አካውንታችሁ ላይ ቀይሩ። የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር፤ አልክድም። ሁለተኛ፣ ፎቶዎቹን ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ሌላ ቅጂ ዘመድ ቤት አስቀምጡ። ደመናው ይኑር፣ ብቻውን ግን አይሁን። ሦስተኛ፣ በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። አራተኛ፣ እናንተ ፎቶ ቤቶች፣ ሥራ ጠፋ እያላችሁ ከምታዝኑ፣ ለደንበኛው «የዓመቱን 20 ፎቶ መርጠህ አምጣ፣ አጥበን እንስጥህ» በሉት። ይህ የናንተም እንጀራ፣ የኛም ማስታወሻ ነው።

የመንግሥትም ድርሻ አለ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መውጣቱ መልካም ነው። ግን እኔና የሸዋ ሮቢቷ እማማ አዋጁን ይዘን የማንን በር እናንኳኳ? ከዚህ አገር ሕዝብ ዓይንና ኪስ ገንዘብ የሚሰበስብ ኩባንያ እዚሁ አገር አቤቱታ የሚሰማ አንድ ሰው ቢያስቀምጥ ምን ይጎዳዋል? ሕግ አውጪዎቻችንስ ኢንተርኔት ለመዝጋት ያላቸውን ቅልጥፍና ሩቡን ለዚህ ቢያውሉት ምናለበት?

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይሉ ነበር። አደራ የሚሰጠው ለሚታወቅ ሰው ነው፤ ሲበላም አደራ በላ ተብሎ በአገር ይታማል። ደመናው አደራ ተቀባይ አይደለም። መጋዘን አከራይ ነው፤ ቁልፉም እሱ ዘንድ ነው።

ልልህቃችሁ ነው። ልጄ አሁን ማንበብ ችላለች። በቀደም ለት የእናቴን ቆርቆሮ ከፍታ የአባቴን ፎቶ አወጣችና ጀርባውን አነበበችው፤ «ለማይረሳ ማስታወሻ»። ከዚያ ቀና ብላ «አባዬ፣ የኔ የሕፃንነት ፎቶስ?» አለችኝ። ምን ልበላት? የተረፈው ባለቤቴ ለክትባት ካርድ ብላ ያሳጠበችው አንድ ጉርድ ፎቶ ነው። እሱን ጀርባውን ገልብጬ ስሟንና ቀኑን ጻፍኩበትና 42ኛ አድርጌ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመርኩት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። እኔ ከእንግዲህ ሞኝ ተብዬም ቢሆን ወረቀቱን ይዣለሁ።