ውሻና ድመት ሲያሳክካቸው፦ አለርጂን መለየትና ማስታገስ
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



ስለ ላምና በሬ፣ ስለ በግና ዶሮ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ሌሊት በረት ስለሚጠብቀው ውሻና ጎተራ ስለምትጠብቀው ድመት ነው።

በሥራዬ ላይ ያጋጠመኝን ላስቀድም። የአንድ አርሶ አደር ውሻና ድመት ሲያክኩ ከርመው ፀጉራቸው ረገፈ። ለበጎቹ ከገዛው የመዥገር መድኃኒት የተረፈ ነበረውና በጥብጦ ሁለቱንም አጠባቸው። ውሻው ተረፈ። ድመቷ ግን ለሃጯ እየተዝረበረበ፣ እየተንቀጠቀጠች በዚያው ቀን ሞተች። «ላድናት ብዬ እንጂ» አለኝ። በዚያ ዓመት አይጥ በጎተራው ያደረሰበትን ጉዳት እሱ ያውቃል። ስለዚህ መድኃኒት ከማንሣታችሁ በፊት የሚያሳክካቸውን ነገር ለዩ።

አለርጂ ምንድን ነው?

አለርጂ ማለት ብዙዎችን የማይጎዳ ነገር ሲያገኘው የአንዱ እንስሳ ሰውነት ከልክ በላይ ሲቆጣ ነው። በቅድሚያ መጠርጠር ያለባችሁ የቁንጫን ምራቅ ነው። ምራቁ የማይስማማው ውሻ ጥቂት ቁንጫ ቢነክሰው እንኳ ለብዙ ቀናት ሲያክ ይሰነብታል። ስለዚህ «ቁንጫ አላየሁበትም» ብላችሁ አትለፉት።

እንዴት እንለያለን?

የሚያክበትን ቦታ ተመልከቱ።

• ቁንጫ፦ ውሻ ወገቡን፣ የጭራውን ሥርና የጭኑን ውስጥ ይነክሳል። ድመት ተደብቃ ስለምትልስ ማከኳ ላይታይ ይችላል፤ አንገቷንና ጀርባዋን ስትዳብሱ ግን እንደ አሸዋ የሚሻክር ቅርፊት ታገኛላችሁ።
• አቧራና የአበባ ብናኝ፦ መዳፉን ይልሳል፣ ፊቱን ያሻሻል፣ ጆሮው ይቀላል። ብዙ ጊዜ በወቅት ይብሳል፣ በወቅት ይሻለዋል።
• ምግብ፦ ማሳከኩ ወቅት አይለይም፤ አንዳንዴ ተቅማጥ ወይም ትውከት አብሮ ይመጣል። የሚለየው ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ፣ በልቶት የማያውቀውን ምግብ ብቻ ለ8 ሳምንት ያህል በመስጠት ነው።
• እከክ፦ ይህ አለርጂ አይደለም። ብዙ ጊዜ በጆሮ ጠርዝና በክርን ይጀምራል። ከቤተሰቡ ሰው ማሳከክ ከጀመረው እከክን ጠርጥሩ፤ አለርጂ ከእንስሳ ወደ ሰው አይተላለፍም።

ቁንጫን ለማረጋገጥ ፀጉሩን በነጭ እርጥብ ጨርቅ ላይ አበጥሩ። የወደቀው ጥቁር ፍርፋሪ ጨርቁን ቀይ ቡናማ ካደረገው የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ የተፈጨ ደም ነው።

ምን እናድርግ?

1. መኝታውን አጽዱ። አንዲት ቁንጫ በቀን እስከ 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እንቁላሉም ወደ መሬት ይረግፋል። የተኛበትን ጭድ አውጥታችሁ አቃጥሉ፤ ጨርቁን በየሳምንቱ በፈላ ውኃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ፤ ወለሉንና ጥጋጥጉን ጥረጉ። ውሻውን ብቻ ማከም ግማሽ ሥራ ነው።
2. የቁንጫ መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ውሰዱ። ለውሻ ወይም ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ፣ በክብደቱ ልክ የታዘዘ ይሁን። በቤት ያሉትን ውሾችና ድመቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አክሙ።
3. የሚያሳክከውን ቆዳ በቀዝቃዛ ውኃ አብርዱ። የተላጠውን በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ እጠቡ። መግል ካለው ወይም ከሸተተ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ውሰዱት።

ምን አናድርግ?

የከብትና የበግ መዥገር መድኃኒት፣ የሰብል ፀረ ተባይ፣ ነጭ ጋዝና የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ። ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ መድኃኒት ለድመት አታድርጉ፤ ይገድላታል። ድመት የቀቡትን ትልሳለችና መርዙ በሁለት በኩል ይገባባታል። ከሰው መድኃኒትም ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ እንኳ ድመት ሊገድል ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ንብ የምታነቡ ልብ በሉ። በንብ የተነደፈ ውሻ ፊቱ ካበጠ በኋላ መተንፈስ ካቃተው፣ ካስመለሰው ወይም ከወደቀ ሳትዘገዩ ወደ ባለሙያ አድርሱት።

ሌላው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀድሞ በተነከሰበት ቦታ አጥብቆ የሚያክ፣ ጠባዩ የተለወጠ፣ ድምፁ የጎረነነ ወይም ለሃጩ የሚፈስ ውሻ አለርጂ ነው ብላችሁ እንዳትነኩት። ልጆችን አርቁ፤ ለባለሙያ አሳውቁ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻችሁንና ድመታችሁን በየዓመቱ አስከትቡ።

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ውሻችሁን ጠርታችሁ የጭራውን ሥር ገልጣችሁ እዩ፤ ድመታችሁንም ዳብሱ። ያያችሁትን ለጎረቤታችሁ አሳዩ። በጓዳችሁ የተረፈ የበግ መድኃኒት ካለ ደግሞ ለበግ ብቻ መሆኑን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ።