ሾፌራችን ቤንዚን አልሰረቀም

(በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ የጉንችሬ ከተማ የሠፈራችን ነዋሪዎች፤

በዛሬው አጀንዳ ላይ «ስለ መኪናችን ጥገና» ተብሎ የተጻፈው ስለ መኪና ብቻ አይደለም፤ ስለ አንድ ሰው ስምም ጭምር ነው። ስለዚህ ረዘም ቢልባችሁ ታገሡን። ብረት ብረቱን ስናወራ የሚሰለች ሰው ቢኖርም እስከ መጨረሻው ይስማን፣ የሰውዬው እውነት የተገኘው እዚያው ብረቱ ውስጥ ነውና።

ሁላችሁም እንደምታውቁት ማኅበራችን ያለችው አንዲት ላንድክሩዘር ናት። በሽተኛ ታደርሳለች፣ ሬሳ ታመጣለች፣ የለቅሶ ድንኳንና ወንበር ታመላልሳለች። ሞተሯ የቤንዚን ሲሆን 2ኤፍ የሚባለው ነው። ቶዮታ ይህን ሞተር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር። ያረጀ ነው፣ ይበላል፣ ነገር ግን ጠንካራ ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የዚህ ሞተር ማኒፎልድ ተሰነጠቀ። ማኒፎልድ ምንድን ነው ለምትሉን፣ ካርብራቶሩ ቀላቅሎ ያዘጋጀውን ቤንዚንና አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍል፣ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ ቧንቧ ነው። ኦርጅናሉን በመርካቶ ሶማሌ ተራ ብናስጠይቅ አሮጌው እንኳ ዋጋው አልቀመስ አለ። ስለዚህ ሌላ ፋብሪካ «በዚያው ልክ ነው» ብሎ የሠራውን አዲስ ገዛን። ያብረቀርቅ ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን ተቀባብለን አየነው። አንድ ጋራዥ በአንድ ቀን ገጥሞ ሰጠን። የጋራዡን ስም እዚህ አናነሣም፣ ጥፋቱ የኛም ስለ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ጠባይዋ ተለወጠ። ቆማ ስትሠራ ሞተሩ አንዴ ይጮሃል፣ አንዴ ሊጠፋ ይንገዳገዳል። አቀበት ላይ ጉልበት አጣች። በካርብራቶሩ በኩል እየተኮሰች ሰው ታስደነግጥ ጀመር። ሾፌራችን ሁለት ጊዜ መጥቶ «ይህ ሞተር ከማይሆን ቦታ አየር እየሳበ ነው፣ ይታይልኝ» ብሎ ነግሮናል። መንገሩን ከየት አወቃችሁ ብትሉ ቃለ ጉባኤው ላይ በገዛ እጃችን ጽፈነዋል። ከሥሩም «ሾፌሩ ሰበብ እንዳያበዛ ተነገረው» ብለን ጽፈናል። መዝገቡ እነሆ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ማንም ያንብበው።

ጋራዡ ዘንድ ብንመልሳት «ቤንዚን አንሷታል» ብለው የካርብራቶሩን ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚን የሚወርድበትን ቀዳዳ፣ በሰፊ ለወጡት። እንዲያም ሆኖ እንዳትጠፋበት ሾፌሩ ቾኩን ሳብ አድርጎ መንዳት ግድ ሆነበት። ቾክ ተስቦ ሲነዳ ደግሞ ቤንዚን እንደ ውኃ ነው የሚወርደው። ስለዚህ በፊት በአንድ ሊትር 5 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች መኪና 3 ኪሎ ሜትር መሄድ ጀመረች። እኛ ታዲያ ምን አልን? ቤንዚኑ ይሸጣል አልን። የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴን ደመወዙን በግማሽ ያዝንበት። እኛ በስብሰባ የተናገርነው በማግስቱ ገበያ ደረሰ፤ ልጁም ትምህርት ቤት በር ላይ «የሌባ ልጅ» ተብሏል። ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው።

በነሐሴ አጋማሽ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ወልቂጤ ስትወሰድ መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ ጠፋች። መጥፋቷ ብቻ አይደለም፣ የእግር ፍሬኑም ድንጋይ ሆኖ አልረገጥ አለ። ሾፌሩ በማርሽና በእጅ ፍሬን ታግሎ አቆማት፣ ረዳቱም ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። በኋላ አንድ የአይሱዙ ሾፌር እግዜር ይስጠውና ጭኗቸው ሄደ። እናትየዋ ዛሬ ልጇን ታቅፋ ከመካከላችን ተቀምጣለች፣ እሰየው። እኛ ግን በማግስቱም «ቤንዚኑን ሸጦ ጨርሶባት ነው» አልን። ታንኩ ተለክቶ ቤንዚን ተገኝቶበት እያለ እንኳ አልነቃንም።

የነቃነው በመስቀል ነው። ለበዓል ከአዲስ አበባ ከመጡት የሠፈራችን ልጆች አንዱ መካኒክ ነው። ክትፎው ከተበላ በኋላ ሾፌሩ ሄዶ ለመነው። ልጁም በበዓል ልብሱ መጥቶ ሞተሩን አስነሣና አንድ ቁራጭ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ማኒፎልዱ አጠገብ እያዞረ ያዳምጥ ጀመር። ወደ ኋለኞቹ ሲሊንደሮች ሲደርስ «ኑ ስሙ» አለን። እባብ የሚተነፍስ ይመስላል።

ያስረዳንን እኛ በገባን መንገድ እንንገራችሁ፤ ከአራተኛ ክፍል አላለፍንምና በመጽሐፍ ቋንቋ አንችልም። ሞተር እንደሚጠባ ሕፃን ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ይስባል። የሚስበው በካርብራቶሩ በኩል የተመጠነውን መሆን አለበት፣ በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን ወደ 15 እጅ የሚጠጋ አየር። ጡጦ ጎኑ ቢቀደድ ሕፃኑ ወተቱን ትቶ ነፋስ ይጠባል፤ ማኒፎልዱም ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ላይ ክፍተት ካለው እንዲሁ ነው። መኪናው ቆሞ ሲሠራ የካርብራቶሩ በር ዝግ ስለ ሆነ መሳቡ ይበረታል፣ የሚፈለገው አየር ደግሞ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ትንሿ ቀዳዳ ትልቅ ጉዳት ታደርሳለች። ቤንዚን ሲሰጥ ግን ችግሩ ይሸፈናል። ጋራዡ ውስጥ ጋዝ እየሰጡ «ይኸው ደህና ነው» ሲሉን የነበረው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ካንዴላዎቹን ፈታ። የፊተኞቹ አራቱ ጥላሸት ለብሰዋል፣ የኋለኞቹ ሁለቱ እንደ ኖራ ነጥተዋል። ይህ ማለት ፊተኞቹ ቤንዚን በዝቶባቸው፣ ኋለኞቹ አየር በዝቶባቸው ቤንዚን ተርበው ይሠሩ ነበር ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ አባታችን ካንዴላዎቹን በመሐረብ ላይ ደርድረው ካዩ በኋላ «እንዲህ ያለ ምስክር ሌባ አያቆምም» አሉ። እኛም በዚያች ሰዓት አንገታችንን ደፋን።

መሳቡን የሚለካ ሰዓት ነበረው፣ ያንንም አሰረ። እዚህ ላይ መኪና ያላችሁ ልብ በሉ። መጽሐፉ ላይ ደህና ሞተር ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል ይላል፣ ነገር ግን ይህ ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። ከፍታ በየ300 ሜትሩ ሲጨምር ወደ 1 ኢንች ይቀነሳል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች እዚያ ደህናው ሞተር 11 ወይም 12 ቢያሳይ አያስደነግጥም፤ የኛም አገር ደጋ ነው። ይህን ያላወቀ መካኒክ ደህናውን ሞተር «አርጅቷል፣ ይፈታ» ሊላችሁ ይችላል። የኛዋ ግን 6 ላይ ሆና መርፌዋ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ተፈታ። በዚህ ሞተር ላይ አየር ማስገቢያውና ጢስ ማስወጫው ማኒፎልድ በአንድ ወገን ናቸው፤ መካከላቸው ላይ በቡሎን ይተሳሰራሉ፣ ከቴስታታው ጋርም አንድ ጓርኒሲዮን ይጋራሉ። አንዱ ወፍራም ሮንዴላም የሁለቱን ጠርዝ ባንድ ላይ ይጫናል። አዲሱ ማኒፎልድ ጠርዙ ከጢስ ማስወጫው ጠርዝ ስስ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዳዶው ሲጠብቅ ሮንዴላው ጢስ ማስወጫውን ብቻ ይጫናል፣ አዲሱ ግን ላላ ብሎ ይቀራል። ዳዶውን እስኪሰበር ብታጠብቀው ምንም አይረዳም። የገጠሙት ሰዎች ይህን ሳይለኩ ክፍተቱን በሲሊኮን ሞልተውት ነበር። ተራ ሲሊኮን ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ይላላል፣ ይቦጫጨቃል። እንደ አሮጌ ማስቲካ እየተላጠ ነው የወጣው።

ሌላም ሁለት ቀዳዳ ተገኘ። አዲሱ ማኒፎልድ ለሌላ ዓይነት መኪና የታሰበ አንድ ትርፍ ቀዳዳ ነበረው፤ እሱን በጨርቅና በጎማ ጥብጣብ ወትፈውታል። ሦስተኛውና የሚያስፈራው ወደ ፍሬኑ ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ ነው። ሰርቮው እግራችንን የሚያግዘው በዚሁ በሞተሩ መሳብ ነው። ቱቦው በፋሼታው ሥር ተሰንጥቆ ነበር። በዚያች የነሐሴ ሌሊት ፍሬኑ ድንጋይ የሆነው ለዚህ ነው። ቱቦው ደህና ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ጥቂት ጊዜ የሚያስረግጥ መሳብ ይቀርለት ነበር።

አሠራሩን ባጭሩ እንናገር። ሁለቱ ማኒፎልዶች እንደ ተሳሰሩ አዲስ አበባ ማሽን ቤት ተልከው ከቴስታታው ጋር የሚገናኙበት ፊታቸው ባንድነት ተላገ። ለየብቻ ቢላጉ ኖሮ ዋጋ አልነበረውም። በስሱ ጠርዝ ልክ ደረጃ ያላቸው ሮንዴላዎች ቶርኖ ቤት ተሠሩ። የቴስታታው ፊት አሮጌው ጓርኒሲዮን ተፍቆለት፣ ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት በቀጫጭን መለኪያ ተፈተሸ። አዲስ ጓርኒሲዮን ያለ ሲሊኮን ገባ። ሁለቱን የሚያስተሳስሩት ቡሎኖች ላላ ተደርገው መጀመሪያ ከቴስታታው ጋር ያሉት ዳዶዎች ከመካከል ወደ ዳር፣ ሦስት ጊዜ ተዙሮ፣ ቀስ በቀስ ጠበቁ፤ መተሳሰሪያዎቹ የጠበቁት ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አድሮ፣ ቀዝቅዞ እንደ ገና ጠበቀ። ትርፉ ቀዳዳ ጥርስ ባለው መዝጊያ ተዘጋ፣ የሰርቮው ቱቦ ተለወጠ፣ ጂግለሩም ወደ ዱሮው ተመለሰ። አሁን መርፌዋ 12 ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፣ በተለይ ለባለ ሞተር ወጣቶቻችን። አንዳንዱ የአየር ቀዳዳ ለመፈለግ ቤንዚን ይረጫል። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ የጋለው ጢስ ማስወጫ ከሥሩ ስለ ሆነ ይህ እሳት መጥራት ነው። የኛ መካኒክ ሞተሩ ገና ሳይግል ጥቂት ውኃ ብናኝ አድርጎ ነው የሞከረው፤ ውኃው ቀዳዳው ላይ ሲያርፍ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ስለ ፍሬንም ማንም ሰው በቤቱ መሞከር ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ከዚያ እግራችሁን ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ደህና ነው። ካላለ ቁልቁለት ሳትወርዱ አስመርምሩት።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ያው ሾፌር፣ በዚያው መንገድ፣ ከኮሚቴው ሁለት ሰው አብሮት ተቀምጦ ነዳ። በአንድ ሊትር 5 ኪሎ ሜትር። ሌባው ተያዘ ማለት ነው፣ አንድ ጣት የማታስገባ ክፍተት።

እንግዲህ እኛ የኮሚቴው አባላት ትናንት ማታ ሽማግሌዎች ይዘን ሾፌራችን ቤት ሄደናል። ይቅርታ ጠይቀናል። ቡና አፍልተው ተቀብለውናል፣ እሱ ግን ብዙ አልተናገረም። «ስሜን ያጠፋችሁት በስብሰባ ነው፣ በስብሰባ መልሱልኝ» አለን። ስለዚህ ዛሬ በፊታችሁ ቆመን እንናገራለን፤ ሾፌራችን አልሰረቀም፣ ነግሮን አልሰማነውም፣ ያጠፋነው እኛ ነን።

የተያዘበት የሦስት ወር ግማሽ ደመወዝ ከማኅበሩ ሣጥን ይመለስለታል። ከኮሚቴው መካከል «ገንዘቡ የማኅበሩ ነው፣ ለምን አባላት ይክፈሉ፣ የወሰንን ሰዎች እናዋጣ» ያለ አለ። ይህን ለናንተ እንተዋለን፣ ከቡና በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል። በቃለ ጉባኤው ላይ ያለው የዱሮ ጽሑፍ አይሰረዝም፤ ከጎኑ የዛሬው ይጻፋል። ልጆቻችሁንም ትምህርት ቤት በር ላይ የሚባለውን እንዲተዉ ንገሩልን።

የተቃጠለው ጓርኒሲዮን፣ ስድስቱ ካንዴላና የተሰነጠቀው ቱቦ ማኅበሩ ቢሮ መስኮት ላይ ተቀምጠዋል። ማየት የሚፈልግ እስከ እሑድ ድረስ ይምጣ።